ሠንጠረዥ ሁለት

ኢክራም፣ ልጄ፣ ቀስ አድርገሽ አንብቢው፣
ፈረንጅኛውን ተይና ፍሬውን አውጪው።
«የሰው ታፋ ደም ስር፣ የጋሪ ፈረስ እግር፤
ከጅማ ሆስፒታል፣ የሁለት ዓመት ነገር።»
ርዕሱ ይሄው ነው፣ እኔ ስተረጉመው፤
ከላይ በደማቁ የሷ ስም የቆመው፣
ረውዳ አባ ዲጋ፣ የደም ስር ሐኪሟ።
ከታች በቀጭኑ እኔ፦ «ጋሪ ነጂ፣ ወንድ፣
ዕድሜ አርባ አንድ፣ ታካሚ ቁጥር ሦስት።»
ስሜስ?
«ስም አይጻፍም አባ። ሕጉ ነው፣ ምሥጢር ነው።»

ከጅሬን ቁልቁለት ስወርድ በማለዳ፣
ሁለት ኩንታል በቆሎ፣ አንዲት እንግዳ፣
ኢሱዙው ከኋላ ጥሩምባውን ነፋ፤
የጋሪው ዘንግ ተሰብሮ ተሰካ ከታፋ።
አዌቱ ድልድይ ላይ ደሜ ቦይ ሲያበጅ
ቦራ ቆሞ ነበር። አልሸሸም፣ አልረገጠኝም፤
በሦስት እግሩ ቆሞ፣ አራተኛውን አንሥቶ፣
ቆዳው እንደ ካልሲ ተገፎ።

እሷ ምን አደረገች? ከደኅናው እግሬ ላይ
ደም መልስ መዘዘች፣ ልክ እንደ ክር ሲታይ፤
ገልብጣ ሰፋችው ደም ቅዳው ሲጎድል፤
መላሹ ቀጂ ሆነ፣ እንዲህም አለ ዕድል።
ለእኔ የገባኝ ግን ቆይቶ ነው፤ ያኔ
በማደንዘዣ ስካር የጠየቅሁት እኔ፦
«ቦራስ?»
ነርሱ ልጄ መስሎት «ደኅና ነው» አለና ዋሸኝ።
ረውዳ አልዋሸችም። ጓንቷን አወለቀች።
«ፈረስ ነው?»
«ፈረስ ነው።»
«የት ነው ያለው?»

ሰዉ የሚለውን ታውቂያለሽ፤ «በቃ ተወው፣
የቆሰለ ፈረስ የጅብ ነው፣ አስፋልት ዳር ጣለው።»
እሷ ግን ማታ ማታ፣ ተረኝነት ጨርሳ፣
ካንድ የእንስሳት ሐኪም ጋር፣ ቦት ጫማ ተውሳ፣
ጊንጆ፣ ከጓሮዬ፣ ጭቃው ላይ ተንበርክካ፣
ሰኮናውን አቅፋ፣ ትርታውን ልትለካ።

«አየህ» አለችኝ ኋላ፣ ምርኩዝ ይዤ ስቆም፣
«ፈረስ ልቡ በደረቱ ብቻ አይደለም፤
በረገጠ ቁጥር ሰኮናው ተጨምቆ
ደሙን ሽቅብ ይሰዳል፣ ከመሬት ነጥቆ።
ያንተም ባት እንዲሁ ነው። ስለዚህ ተራመድ፤
አልጋ ደም ያረጋል።»
«ጅማት የሌለው ሰው ጅማን አይዘልቃት» አልኳት፤ ሳቀች፤
ጽሑፏ ውስጥ ግን ይሄን አልጨመረች።

እኔ በምርኩዝ፣ እሱ በፋሻ፣ ከቢሺሼ እስከ መርካቶ፣
ሁለት አንካሶች፣ አንዱ አንዱን ጎትቶ።

ሠንጠረዡን አሳዪኝ። እኔ ጋ ምን ይላል?
«ታካሚ ሦስት፤ በአሥራ ሁለተኛው ወር ይራመዳል።»
እውነት ነው። ከሥሩስ?
«ፈረስ ቁጥር አንድ…»
እሺ?
«ሰረዝ ነው አባ።»
ሰረዝ ምንድን ነው?
«ባዶ። መረጃ የለም ማለት ነው።»

ሐምሌ ነበር፤ በሌሊት ገመዱን በጠሰ።
ጅብ ይሁን፣ ሌባ ይሁን፣ የአጋሮ መንገድ ይሁን፣ እንጃ።
ሦስት ቀን ፈለግሁት በተሰፋው እግሬ።
እሷም ፈለገችው በቦዬ ረግረግ፣ ጋዋኗ ጭቃ ሆኖ፣
ሲያቅታት ተመልሳ ይህችን ሰረዝ ጻፈች።
«ዳነ» ብትል ኖሮ ማን ያውቅባት ነበር?
አላለችም።

በእኛ አገር፣ ልጄ፣ ሰው በፈረሱ ነው የሚጠራ፤
ዲጋ የነሱ ቤት ፈረስ ነበር፤ የእኔ፣ የጋሪው፣ ቦራ።
ሕጉ የኔን ደብቆ፣ የሱንም በቁጥር ሲለውጥ
አንድ ፈረስ አምልጧል፣ በስሟ ውስጥ ሲሮጥ።
እስቲ ደግመሽ እይው፣ ከላይ፣ በደማቁ።

አሁን ባጃጅ ተራ ነኝ፣ ትኬት እቆርጣለሁ፤
ዝናብ ሲመጣ ስፌቱ ይበላኛል፣ እነሣና እራመዳለሁ።
ከሄርማታ በኩል «አባ ቦራ!» ብሎ ሰው ሲጣራ
ቶሎ አልዞርም።
ትንሽ እጠብቃለሁ፤
ምናልባት እሱን ይሆናል።