መስታወት ገጣሚው

መስኮቱን አላየሁ፤ ልኩ ነው የመጣው፣
በሲጋራ ፓኮ ጀርባ አንድ ሰው የጻፈው፦
«ቁመት ሦስት ሜትር፣ ወርድ ሁለት ተኩል፤
መሬቱ ነጭ ይሁን፣
ጥለቱ ወይን ጠጅ፣ ከግርጌ እስከ መሐል።»

የኔ ዕቃ ወርዱ ግን ከክንድ አይዘልም፤
ቀኝ እጅ ሲወረውር ግራው ካልቀለበ
ማግ አይመለስም።
ስለዚህ ሦስት ጊዜ፣ ያንኑ አንድ ጥለት
ቆጥሬ ልሠራ ነው፣ ክር ከክር ሳልስት።

ገዳም ሰፈር ቁልቁል፣ ከወፍጮ ቤት ኋላ
አራት ጉድጓድ አለ ባንድ ቆርቆሮ ጥላ።
በየጉድጓዱ ውስጥ ግማሽ ሰው ተተክሏል፤
እግሩ ከታች ይረግጣል፣
እጁ ከላይ ወዲያ፣ ወዲህ፣ ወዲያ ይላል።
ዝናብ አባሮት ደጃችን የቆመ
ስንቱ መንገደኛ አጭር ሰው አርጎን
አዝኖልን ከረመ!
ስንነሣለት ነው የሚደነግጠው።

መርክነህ ልጄ ነው። ፊደል ሳይለይ ገና
ቀሰም ጠቅልሎልኛል፣ ከጎኔ ሆነና።
ሰባትን ሲጽፋት
ወገቧን በጭረት ያስራታል እንደ ክር፤
«እንዳትፈታብኝ ነው» ይለኝ ነበር።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ከጉድጓዱ አፋፍ፣
«አባ፣ እዚህ አልገባም» አለኝ።
ዝም አልሁ። የአባቴ ጀርባ ያለሰለሰው አፈር
የኔን ጀርባ ነክቶ ዝም አለ።

ወራት አልፎ መጣ። «ምን ሆንህ?» ብለው
«ገጣሚ ነኝ» አለኝ።
ደነገጥሁ፤ ቅኔ የዘረፈ መሰለኝ እኔ ሳልሰማው።
«መስታወት ነው፣ አባ! ፎቅ ላይ ነው የምገጥመው፤
ገመድ ወገቤን ይዞ፣ አየር ላይ ቆሜ ነው።»
ሳቅን። ሳቁ ሲያልቅ አንድ ነገር ገባኝ፦
እሱን ገመድ ያዘው፣ እኔን አፈር ያዘኝ።

ከዚያ በኋላ ጠፋ፤ ስልኩም አጠረ።
በሐምሌ ግን ሳይመጣ
አንድ ፍሬ ቆርቆሮ ላከ፣ በጋሪ ተጭኖ፤
«በወፍጮው በኩል ያለው ተበስቷል፤
በዚህ ቀይረው» ብሎ።
ማን ነገረው? አልሁ።
እኔ ራሴ ያወቅሁት
ጠብታው ድሩ ላይ ወድቆ ነው።

መጋረጃው አለቀ። ጥቅምት ላይ፣ በትከሻዬ፣
አሥራ አንደኛ ፎቅ በሊፍት ወጣሁ፤ ተደፈነ ጆሮዬ።
ባለቤቷ በጣቷ ስፌቱን ዳሰሰች፣
አበባን ካበባ፣ ወርድን ከወርድ አስተያየች።
ገጠመ። ሰቀልነው።
ከመስታወቱ ጥግ፣ ፍሬሙ ላይ፣ በእርሳስ የተጻፈች፣
ወገቧ የታሰረ
አንዲት ሰባት አለች።

ግንባሬን አስደግፌ ቁልቁል አየሁ፦
ፒያሳ ዝገት ነው፣ ቡናማ በቡናማ ላይ፤
አንዲት ቆርቆሮ ብቻ ነጥታ ታበራለች
ከወፍጮው ጎን።
እንግዲህ ያን ሁሉ ክረምት
እኔ መንገድ መንገዱን ሳይ፣
እሱ ከገመዱ ላይ ሆኖ
ጣራዬን ሲጠብቅልኝ ኖሯል።

«ምን ያያሉ፣ አባት?» አለችኝ።
«ሥራውን» አልኋት።
«የማንን?» አላለችም።
«ይዝጉልኝ በሉ፤ ፀሐዩ የሶፋዬን ቀለም ይመጥጣል።»
ልጄ ያስገባውን ብርሃን
ልጋርድ ተከፍሎኛል።
ሳብሁት።
በሰባቷ በኩል ግን ስንዝር ታህል ተውሁ፤
ደረጃውን እየቆጠርሁ
በእግሬ ወረድሁ።