ይክረም

የሐምሌ ብርድ ቁስቋም ላይ፣ እንደ አበዳሪ ይመጣል፤
በር ሳያንኳኳ ይገባል፣ ጉልበትሽ ላይ ይቀመጣል።

አምና በዚያ ሳምንት፣ ዐውሎ መጥቶ፣ የአባቴ ወይራ ዘመመ፤
አንድ ክንዱ ጣራው ላይ፣ አንዱ ሽቦው ላይ ተጋደመ።
የመብራት ኃይል ሰዎች መጡ፤ አዩ፤ ጻፉ፤ ሄዱ።
ጎረቤቴ ወይዘሮ ይታይሽ “ቁረጪው” አሉኝ “ከግንዱ፤
ከሰልም ይወጣዋል፣ ገንዘብም፤
ያባትሽ ነፍስ እንደሆነች፣ ቅርንጫፍ ላይ አትንጠለጠልም።”

ይርሳው የመጣው ዓርብ ነው፣ ገመዱን ወገቡ ላይ ጠምጥሞ፤
ሁለት የእጅ መጋዝ በአሮጌ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ ተሸክሞ።
ከአዘዞ የተከራየው ባለ ሞተር መጋዝም ነበረ፤
ሦስቴ ቢስበው ሦስቴ ሳለ፣ ከዚያ ዝም ብሎ ቀረ።
“ይሁን” አለ፣ “እጅ አይከራይም።”
ዛፉን ዞረው፤ አንድ ጊዜ አይደለም።
መዳፉን አኑሮ ግንዱ ላይ፣ ጆሮውን ደግሞ አስጠጋ፤
እንደ ሐኪም ነበር፣ በሽተኛው እስኪያወጋ።

“በስንት ትቆርጠዋለህ?” አልኩት።
“ቆራጭ አይደለሁም፤
እከረክማለሁ እንጂ፣ የቆመ አልጥልም።”

ወጣ።
ከሚቀርበው አይደለም፣ ከሞተው ነው የጀመረ፤
የደረቀውን ለቀመ፣ የታመመውን መረመረ፤
ከባዱን ክንድ መጀመሪያ ከሥር በኩል ጥቂት ነካ
(ሲወድቅ የግንዱን ልጥ ገፍፎ እንዳይሄድ ነው ለካ)።
በገመድ ታስሮ፣ እንደ ሬሳ ሳይሆን እንደ ሕፃን ወረደ፤
ጣራዬን ሳይነካ፣ አንድ ራስ ጎመን ብቻ ጎረደ።

ማታውኑ ብርዱ ጠና። እንጨቱ ደጄ ላይ ተከምሯል፤
አንድ ጉማጅ ባነድ፣ ማን ይከለክለኛል?
ጫፉ አረፋ ደፈቀ፤ አፏጨ፤ አነባ፤
ጭሱ ዓይኔ ገባ።
(ወይስ ሌላ ነገር ነው የገባ?)

በነጋታው ይርሳው አሸተተና “እርጥብ አነደድሽ?” አለ።
“ተረቱስ? በደረቅ አበሳ እርጥብ ይነዳል አይደለ?”
“ተራቹ እንጨት ሸጦ አያውቅም። እርጥብ ይጨሳል እንጂ አይነድም፤
የዛፍ እንባ በአንድ ሌሊት አይደርቅም።
ከመሬት ከፍ አድርገሽ ደርድሪው፤ ነፋስ በመሐሉ ይለፍ፤
ራሱን ሸፍኚው እንጂ፣ ጎኑን አታልብሺው፤ ይረፍ።
ይክረም። መስከረም ይለፈው፤ የጥር ፀሐይ ይምታው፤
ጫፉ እንደ ኮከብ ይሰንጠቅ፣ ልጡም በፈቃዱ ይፍታው።
ሁለቱን አጋጭተሽ ስሚ፤ ‘ዱብ’ ካለ ገና ነው፣ ተዪው፤
‘ኳ’ ካለሽ ደርሷልና፣ ያን ጊዜ እሳት አሳዪው።”

ለዚያች ክረምት፣ በአህያ ሁለት ጭነት ላከልኝ፣ ካቻምና የተከረከመ፤
“የማን ነበር?” ብለው፣ “የአንዲት ሴት ነው” አለና አዘገመ።
የሌላ ሰው ግቢ፣ የሌላ ሰው ሐዘን፣ ሙቀቱ ግን ለእኔ፤
ሳላውቃት መረቅኋት፤ ከአባቴ ወዲህ ያን ሌሊት ነው ያረፈው ጎኔ።

ዓመት ዞረ።
የመጋዙ ቁስል ዙሪያውን ከንፈር አወጣ፤
ከሥሩ ጣት የሚያህል ቀንበጥ ተንጠራርቶ መጣ።
ዘንድሮ፣ የሥላሴ ማታ፣ ብርዱ በር ላይ ቆሞ አንኳኳ፤
ሁለት የወይራ ፍልጥ አንሥቼ ጆሮዬ ሥር አጋጨሁ፤ ኳ።

አነደድኩት። አላለቀሰም።
የአባቴ ጋቢ የሚሸተውን ሸተተ፤ እኔም አላለቀስኩም።

ዛሬ ጠዋት ይርሳው፣ ገመዱን እንደታጠቀ፣ በአጥሬ ጥግ ሲያልፍ
(የወይዘሮ ይታይሽን ግራር ሊከረክም ነው፣ ሲሶውን ብቻ ሊያራግፍ)
“እንዴት ከረምሽ?” አለኝ።
ሰላምታ መሆኑን ረስቼ፣ ዞር ብዬ ክምሩን አየሁ።
“ከርሜያለሁ” አልኩት፤ “ጫፌ ላይ ብቻ ትንሽ ተሰነጠቅሁ።”