ሰርቪስ ቤት

ማክቡኳን ያገኘኋት በጨረታ ነው፤ አንድ ቢሮ ሲዘጋ፣
ከካዝናና ከሁለት ወንበር ጋር፣ በድርድር ዋጋ።
ጀርባዋ ላይ እስከ ዛሬ የንብረት ቁጥር አለ፤
በጥፍሬ ብፍቀው ግማሹ ብቻ ተነቀለ።
ውብ ናት። ዝምተኛ ናት። የምትተነፍስም አትመስልም፤
የአሥር ዓመት ሥራዬን ግን ክፈቺ ብትባል አትችልም።

አሮጌው ዴስክቶፕ የሞተ ለታ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ፣
የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ ነው ከሆዱ የወጣ።
ዲስኩን ሎምባሞ አወጣልኝ፣ እንደ አምባዛ ሆድ ዕቃ፤
«ነፍሱ ይኸው» አለኝ፣ «ሥጋው ግን በቃ።»

አርባ ሦስት ዘፈን አለው፤ ያለቁት ሰባት ብቻ፤
የቀረው ሙሽራ እንደቀረበት ጋብቻ።
የከፋው የጨምበላላው ነው፤ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤
ዳንጊሶ ዘፍኖ ጨርሷል፤ ቀብዱም ተበልቷል።
ከበሮዋ ግን፣ ያቺ ስንት ሌሊት ያበጀሁት ድምፅዋ፣
ዊንዶውስ ካልሆነ አትሰማም፤ እሱ ብቻ ነው ቋንቋዋ።

ስለዚህ ማኳን ለመንኳት፣ እንደ ባለ ግቢ እመቤት፦
«ለአንድ ሰው የምትሆን፣ ከጓሮ፣ ትንሽ ሰርቪስ ቤት።
ድምፅ አያሰማም አልልሽም፤ ሥራው ድምፅ ነውና፤
ግን በጓሮ በር ይግባ፤ ሳሎንሽን አይረግጥምና።»
ስንት ራም ይበላል? አለችኝ። ስንት ዲስክ? ስንት ኮር?
አከራይ መቼም አከራይ ነው፤ ሳይጠይቅ አያድር።
ስምንት ጊጋ ነበራት፤ አራቱን ሰጠሁ፣ አራት ቀረ፤
እኛስ እንዲህ አይደል ያደግነው፣ ባንድ ቆጣሪ ሦስት ቤት እያደረ?

ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ አንድ መስኮት ተከፈተ፤
ስሙ መስኮት የሆነ እንግዳ በመስኮት ገብቶ ተጎለተ።
ማራገቢያዋ ጮኸ። ያቺ ዝምተኛ፣ ያቺ ጨዋ፣
ታቦርን እንደሚወጣ ባጃጅ አቃሰተች፤ ጋለ ጀርባዋ።

ከበሮዋ አለች። የዳንጊሶ ድምፅ አለ። ሁሉም በቦታው።
ቁልፉን መታሁ።
                    ዝም።
                              ከዚያ መጣ ምታው።
ጣቴ ከወረደ ኋላ፣ አንድ የዓይን ጥቅሻ ቆይቶ፣
ከሐይቁ ማዶ እንደተጠራ ሰው «አቤት» ይላል ዘግይቶ።
ለሎምባሞ ደወልኩ፤ «በፈሩን አጥብበው» አለኝ፤
ባጠብበው ድምፁ ተሰባበረ፣ እንደ ቆሎ ተንጣጣብኝ፤
ባሰፋው ዘገየ።
በሁለት መቶ ሃምሳ ስድስትና በአምስት መቶ አሥራ ሁለት
መሐል ስመላለስ ነጋብኝ፤ አለቀ ሌሊት።

ንጋት ላይ እናቴ ደወለች፣ ከአለታ ወንዶ፣ በሲዳምኛ፤
ስለ እንሰቱ ነገረችኝ፣ ስለ አጥሩ፣ ስለ አንድ በሽተኛ፤
መልሴ ከአማርኛው ግቢ ዞሮ፣ በጓሮ በር እስኪመጣ፣
እሷ ዘንድ ምን ያህል ዝምታ ደረሰ? ምን ያህል ቃል ታጣ?
«ተኝተህ ነበር?» አለችኝ። «አይ እማ፣ ሥራ ላይ ነኝ።»
ለካ ሃያ ዓመት ሙሉ በሰርቪስ ቤት ያስቀመጥኩት ልጅ አለኝ።
ሲጠሩት ይሰማል። ይመልሳል።
ትንሽ ይዘገያል እንጂ፤ ይመልሳል።

ዳንጊሶ ረፋድ ላይ መጣ፣ የዓሣ ሾርባ ይዞ በፌስታል፤
ሰማ። ዓይኑን ጨፈነ። «ማን ነው የመታው? ይኼ ሰው ሽምግሏል፤
አይቸኩልም፤ ወደ ኋላ ሳብ ያደርጋታል። እንዳትነካው።»
ዘግይቶ የመጣው ማን እንደሆነ አልነገርኩትም፤ ምን አስጨነቀው?

ሴቭ አደረግሁ ሁለቴ፣ አንዴ ለእመቤቲቱ፣ አንዴ ለተከራዩ፤
ወዲያው መብራት ሄደ። ሾርባውን በጨለማ ጠጣን።
ባትሪው አርባ ከመቶ ይላል፤
ሁለቱም ከእሱ እየጠጡ ቆዩ።