ከቀኝ ወደ ግራ

ሰኞ ገበያ፣ ማለዳ ነው። ጦሳ ነጭ ጋቢ ለብሷል፤
የራሱ አይመስለኝም፣ ከሰማይ ተውሷል።
ሽቦውን በፒንሳ ቆርጬ ቦንዳውን ስፈታ
ይነፋል እንደ ሊጥ፣ የታፈነው ትንፋሽ ያገኛል ፋታ፤
የሰው አገር ሳሙና ይሸተኛል፣ የሰው አገር ማታ።

ስሜ አራጌ ነው። ሳልባጅ እሸጣለሁ።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት የፈረንጅ ኪስ ፈትሼ አድራለሁ።
ስንት ነገር አገኘሁ፦ የአውቶቡስ ቲኬት፣
ግማሽ ማስቲካ፣ ቁልፍ፣ ለማላውቀው ቤት።

ድሮ ሹራቡ ላይ አንበሳ ነበር፣ ወይ የኳስ ቁጥር።
አሁን ግን፣ ሦስት አራት ዓመት ይሆናል፣
ቦንዳ በተፈታ ቁጥር አንድ ልጅ ብቅ ይላል፤
ፀጉሩ እንደ ጃርት ወስፌ የቆመ፣
ዓይኑ የሻይ ሰሃን፣ አፍንጫው ነጥብ፣ አፉ የታተመ።

«የማን አገር ሰው ነው?» አልኩ።
«ጃፓን ነው፣ ጋሼ አራጌ» አለች ረውዳ፣ የጎረቤቴ ልጅ።
«ጃፓን ከሆነማ ከፈረንጅ ቦንዳ ምን አመጣው?»
«ፈረንጅ ወዶት ነዋ። ለብሶት፣ አድጎበት፣ ሲጠበው ከቁም ሳጥን አወጣው።»
«አኒሜ» ትለዋለች። የመድኃኒት ስም መሰለኝ መጀመሪያ ለጆሮዬ፣
ጠዋትና ማታ የሚዋጥ፣ ለጨጓራዬ።

ባለፈው ግንቦት ነው፣ አንድ ጥቁር ካፖርት
ሳነሳው አጋደለ፣ እንደ ሰከረ ሰው፣ ድንገት።
የውስጥ ኪሱ ውስጥ መጽሐፍ። ስዕል ብቻ፣ ከዳር እስከ ዳር፣
ጥቁርና ነጭ፣ እንደ ደሴ ሰማይ በነሐሴ ወር።
ገለጥኩት እንደ ወጉ፣ ከግራ። አንድ መዳፍ ተስሎ
እንደ ትራፊክ ፖሊስ ይጠብቀኛል፣ «ቁም!» ብሎ።
ከሥሩ እንግሊዝኛ። ረውዳ አነበበችልኝ እየሳቀች፦
«ተሳስተሃል ወዳጄ፣ ይህ መጨረሻው ነው ይላል» አለች፤
«ገልብጠህ ያዘው፣ ከቀኝ ጀምር።
ለፈረንጆች የተጻፈ ነው። ይማሩታል፣ ምን ችግር?»

አያቷ ሼህ ሙሄ፣ ዓርባ ዓመት ቁርአን ያቀሩ፣
ከሱቁ ደጃፍ ፀሐይ ሲሞቁ ነበሩ።
«ስጡኝ እስቲ» አሉ። ዓይናቸውን ሞራ ወርሶታል፣ ስዕል አይለይም፤
ጣታቸው ግን የሚያስቆም መዳፍ አላስፈለገውም።
በቀኝ በኩል ገለጡት፣ በበሩ፣
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ገጽ፣ እንደሚያይ ሰው ቆጠሩ።
«ታዲያ ምኑ ነው የከበዳቸው?» አሉ፤
«ኪታብ እንዲህ ነው የሚገለጥ። እነሱም ደረሱበት በሉ!»

አልሸጥኩትም።
ከሽፋኑ ውስጥ፣ በእርሳስ፣ የአንድ ልጅ ስም አለ፤
ከስሙ ሥር ጃርት ፀጉሩን ራሱ ለመሳል የታገለ።
አንዱ ዓይን ከሌላው ይበልጣል፣ አገጩ ተጣሟል፤
ላጲስ የተመላለሰበት ወረቀቱ ሳስቷል።
የት ይሆን ያ ልጅ፣ ካፖርቱን ያወለቀ፣
ከእናቱ የተማረውን ንባብ ለአንድ ተረት ብሎ የለቀቀ?
ስዕሉ ከቶኪዮ ተነሥቶ፣
በፈረንጅ ልጅ ብብት ሁለት ክረምት ሰንብቶ፣
በመርከብ ጅቡቲ፣ ባቲን በሌሊት፣ ቀረጥ ሳያየው፣ ኮምቦልቻ ገብቶ፣
ሃረጎን በአይሱዙ ተጠምዝዞ ወጥቶ
እኔ ዘንድ መጣ፣ በኪሎ፣ ተጨፍልቆ፣ የሰው ላብ ሸትቶ።

ረውዳ ካርቶን ላይ ትስላለች፣ ደንበኛ ሲጠፋ፤
የሷ ጀግና ሻሽ ያሰረች፣ ባጃጅ የምትነዳ፣ ጉሙን በጥፊ የምትገፋ።
ዛሬ ግን አያቷን ሳለች።
ጥምጣማቸውን፣ ከዘራቸውን፣ የተሰነጠቀ ጫማቸውን።

«ካፖርቱ ስንት ነው?» ይለኛል አንድ ሰው። አልሰማሁትም።

«አባባ፣ ትልቅ ዓይን ሠራሁልዎት።»
«ምን ያህል?»
«የሻይ ሰሃን ያህላል።»
ዝም አሉ ጥቂት። ፊታቸውን ወደ ድምፅዋ አዞሩ።
«ታዲያ» አሉ፣ «ምን ያያል?»

እርሳሷን ላሰችው።
ከካርቶኑ ቀኝ ጥግ ጀመረች፣
መጀመሪያ ጦሳን።