ጳግሜ

የነሐሴ መጨረሻ ነው፤ ፒያሳ፣ አራተኛ ፎቅ፤
ከላይ ዝናብ ቆርቆሮውን፣ ከታች ዶዘር መሬቱን ሲደቀድቅ።
ሶስና ከነጩ ሰሌዳ «ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ»ን አጥፍታ
«አንድ» ብላ ጻፈች፤ ቆማ አየችው፣
ለልጇ ስም እንዳወጣች እናት ፈርታ።

ሥራችን ቀን መቁጠር ነው።
ለሌላው ኮድ ጸሐፊ የምንሰጠው መሣሪያ፣
ዐሥራ ሦስቱንም ወር የሚያውቅ፣
የጠዋቱን ሁለት ሰዓት ከማታው የሚለይ፣
በዘመነ ሉቃስ ስድስተኛዋን ቀን የማይሰርቅ።
የጡረታው፣ የዕቁቡ፣ የሕፃን ክትባቱ ቀጠሮ
ሁሉም ይተኛል እኛን አምኖ፣ በእኛ ጣት ቆጥሮ።

«አንድ ማለት ግን ምንድን ነው?» አለ አብነት፣ አዲሱ ልጅ።
«ከዛሬ ወዲያ ያወጣነውን ስም አንቀይርም ማለት ነዋ።
ሰው ተኝቶ ሳለ
የቤቱን ምሰሶ አንነቅልም።»

ታዲያ አንዲት ቃል አለች፤
መብራት በሄደበት ሌሊት
ባትሪው ሊሞት ሦስት ደቂቃ ሲቀረው ኢዩኤል የጻፋት፣
«ጳጉሜ» ሊል «ጳግሜ» ብሎ ያለፋት።
ኢዩኤል አሁን ባንክ ገብቷል፤ ሸሚዝ ይተኩሳል።
ስሕተቱ ግን በየሱቁ፣ በየክሊኒኩ ይጠራል።

«እናርማት» አለ አብነት።
የእኔም ጣት ቁልፉ ላይ ነበር፤
አንዲት ሆሄ ናት፣ ምን ይቸግር!

ማታ፣ ታክሲ ውስጥ፣ በሰማያዊው የቆርቆሮ አጥር ጥግ
ጎመን የታቀፈች ሴትዮ፣ ድምፅዋን እንኳ ሳታሳድግ
«ዶሮ ማነቂያ ወራጅ» አለች።
ዶሮ ማነቂያ የለም።
ከአጥሩ ኋላ ጉድጓድ ነው፤ ጉድጓዱ ውስጥ ውሃ።
ረዳቱ በሩን መታ፣ ሾፌሩ ያዘ፣ ወረደች፤
እዚያው፣ ልክ ቦታው ላይ።
«ስሙ ተቀይሯል» ያላት የለም።

ጠዋት ለሶስና ነገርኳት። ሳቀች፤ ቀጥላ ዝም አለች።
ጳግሜን አልነካናትም።
ከጎኗ ጳጉሜን ተከልን፣
ከአሮጌዋ ወደ አዲሷ ቀጭን መንገድ ጠረግን፤
በራስጌዋም እንዲህ ጻፍን፦
«በስሕተት የተወለደች ናት፤
የሚጠራት እስካለ ድረስ አቤት ትላለች፤
እባካችሁ አትንቀሏት።»

ጳጉሜ አንድ፣ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት፣ ለቀቅነው።
እልልታ አልነበረም። አብነት ሳምቡሳ ገዝቶ መጣ፣ ቀዝቃዛ።
ዶዘሩ ተኝቷል፤ ጊዮርጊስ በኩል ውሻ ይጮኻል።
ስልኬ በራ፤ ኢዩኤል ነው፤
«እንኳን ደስ አላችሁ። ያቺን ነገሬን
አረማችኋት ወይስ አለች?»

መልስ ልጽፍ ጣቴን ሳነሣ
መብራት ሄደ።