ስድሳ ዲግሪ

በሐረጎ ቁልቁል ጉሙን እየቀደድኩ፣
በረዶ የሞላ ቴርሞስ አቅፌ ወረድኩ።
የዶልፊኑ ሹፌር፣ "ምንድነው፣ ክትባት?" ቢለኝ፣
"ባዶ ነው" አልኩትና በመስኮት ወደ ገደሉ አየሁኝ።
ማታስ፣ ስመለስ፣ ምን ብዬ ልመልስ?
"የትል ደም ነው" ብለው፣ ደሴ እስክንደርስ
በሳቅ መሪውን ሊስት።

ከቦርከና ማዶ፣ አረጉ ይማም ቤት፣
ዝናብ የሚመስል ሹክሹክታ አለ፣ ሌትም ቀንም የሌለበት፤
ሰፌድ ሙሉ ትል ነው፣ የጉሎ ቅጠል ላይ ያደረበት።
ሃያ ዓመት ፈትላለች፣ ፋብሪካ፣ ማሽን ስር፤
ጆሮዋን እዚያ ትታው፣ ከንፈር ነው የምታነብ፣ ሰው ሲናገር።
"ስንት ነው ዛሬ?" ትላለች፤ ቀና ትላለች ከንፈሬን ልታይ።
"አርባ፤ የጠገቡ፣ ገና ድር ያልጀመሩ፣ ከላይኛው ሰፌድ ላይ።"
ትመርጣለች። እኔ በመርፌ ጫፍ እግራቸውን ነካ፤
ብጫ ጠብታ በቱቦው ጠርዝ ይንጠለጠላል፣ በማይክሮሊትር ሊለካ።
ነፋስ ካገኘው ይጠቁራል፣ እንደ ተቆረጠ ሙዝ፤
ስድሳ ዲግሪ ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ካላቆየሁት፣ መርዝ
ይሆናል፣ ላድነው ለምሻው ህዋስ።

ደሴ፣ ጦሳ ስር፣ ኢንኩቤተሩ ሲያንጎራጉር፣
ሁለት ሳህን ህዋስ አስተኛሁ፤ ሴረም የሚሉትን ወተት ነሳኋቸው፤
አንዱን እንዲያው ተውኩት። ለሌላው የትሉን ደም አቀመስኳቸው።

ህዋስ ብቻውን ሲቀር፣ ጎረቤት "እንዴት አደርክ" ካላለው፣
በሽታ ሳይነካው ይሞታል፤ ትእዛዙ ከውስጡ ነው ያለው።
ቀስ ብሎ ይኮማተራል፣ ጠርዙ ይፈላል፣ አረፋ ያወጣል፣
ቤቱን ራሱ ያፈርሳል፣ ክሩን ራሱ ይበጣጥሳል፤
ቅሬ አይጠራለት፣ ድንኳን አይጣል፣
እንደ ገለባ ተነስቶ ይንሳፈፋል።

ሦስተኛው ቀን። መብራት ጠፍቶ መጣ፤ ጄኔሬተሩ አስነጠሰ።
በማይክሮስኮፑ ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ ያንደኛው ሳህን መንደር ፈረሰ።
ሁለተኛው፣ ጠብታው የገባበት፣
ተዘርግቷል፤ ሰሌን ላይ እግሩን እንደዘረጋ እንግዳ፣ ምንም ያልጎደለበት።
"አብሽር" አልኩት፣ ድምፅ አውጥቼ፣ ማንም ሳይሰማኝ፤
ህዋስ ማጽናናት በየትኛው መመሪያ እንደተጻፈ፣ የሚያውቅ ይንገረኝ።

በሳምንቱ ወርጄ ነገርኳት። መዳፌ ሳህን፣ ጣቴ ህዋስ ሆነ፤
ከንፈሬን እስከ መጨረሻ አነበበች፤ ከዚያ ፊቷ ተከደነ።
"ሁሴን እንዲህ ነበር" አለች።
"ከፋብሪካ የወጣ ቀን አልታመመም። እራቱን በልቷል።
ግን ሳይረኑ በጧት አልጠራውም፤ የፈረቃ ጓዶቹም ተበትነዋል።
ግድግዳ ተደግፎ ተቀመጠ። ክረምቱ ሳይወጣ ትከሻው ጠበበ፣
ካፖርቱ ውስጥ እያነሰ፣ እያነሰ፣ ራሱን በራሱ ሰበሰበ።
ሐኪሙ 'ምንም የለበትም' አለ።
ምንም የሌለበትን ሰውዬ ቀበርን።
ይኸ ደም፣ ለሱ ዓይነቱ ይሆን ነበር?"

ውሸቱ ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ነበር።
"አይሆንም" አልኩ፣ ቀስ ብዬ፣ እያንዳንዱ ፊደል እንዲታያት።
"ሳህን ላይ ብቻ ነው። እዚያም አራት ቀን። በአምስተኛው
እነሱም ይረግፋሉ።"
"አራት" አለች። ጣቶቿን አየች፤ አራቱን አጥፋ ዘረጋች።
የተወጉትን ትሎች ለዶሮዎቿ በተነች፤
አንዷን ግን፣ ገና የምትንቀሳቀሰውን፣ ቅጠል ላይ መለሰች።

ሹፌሩ ያው ነበር። "ዛሬም ባዶ ነው?" አለኝ።
"ደም ነው" አልኩት።
ሳቁ አልመጣም። መሪውን እንደያዘ፣ "የማን?" ሲል ጠየቀኝ።
ሐረጎ ላይ ጉሙ ወርዷል። መኪናው ይሳባል።
ቴርሞሱን ጉያዬ ከተትኩት፤
ከመጥቆሩ በፊት ይደርሳል።