ቁጥር የሌለው ቀለም

በላይፕዚግ ከተማ፣ አይዘንባን ጎዳና፣ ከትራሙ ፌርማታ ፊት ለፊት፣
ቀለም በጥባጭ ነኝ እኔ፤ ባልዲ ሙሉ ነጭ ላይ ጠብታ የምጥል በልኬት።
የደንበኛን ሐሳብ በቁጥር እፈታለሁ፤
«የእናቴ በር ቀለም» ቢሉኝ፣ ስባሪውን አይቼ፣ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ እሰጣለሁ።
ቢጫ አንድ ጠብታ፣ ጥቁር ግማሽ ጠብታ፣ ማሽኑ ተንቀጥቅጦ ሲያበቃ፣
ከክዳኑ ላይ ቁጥሩን እጽፋለሁ፤ አለቀ፣ በቃ።

ያኒክ ከላይ ፎቅ ነው። ዘጠኝ ዓመቱ። እናቱ ነፍሳት አትወድም፤
«ሸረሪት ስታይ ወንበር ላይ ትወጣለች» ይላል፤ ይህን ሲል ግን አይስቅም።
ስለዚህ ሎተን ወደ እኔ አመጣት፣ በእርጎ ብርጭቆ፣ ክዳኑ በመርፌ የተበሳ፤
ያን ጊዜ ጥቁር ነበረች፣ ጉንዳን የምታክል፣ መነጽሬን የምታስነሳ።
በእኛ ቋንቋ ስም ነበራት፤ ልጅ ሳለሁ አውቀው ነበር፤ ረሳሁት።
እጇን አጥፋ፣ እንደ ዳዊት ደጋሚ የምትቆም፤ ብዙ ቀን ፈለግሁት፣ አጣሁት።
ልጁ «ማንቲስ» አለኝ፤ እሺ አልሁት።

ዝንብ በቱቦ ይገዛል፣ ክንፍ የሌለው፣ ከኪስ ገንዘቡ ቆርሶ፤
ማታ ማታ ይወርዳል፣ ውሃ መርጫ ይዞ፣ ያለ ጫማ፣ ፒጃማውን ለብሶ።
«መብላት ካቆመች ልትለውጥ ነው» ይላል። «አትንኪያት! ትወድቃለች።»
ቁልቁል ከክዳኑ ተንጠልጥላ፣ ጀርባዋ ተተርትሮ፣ ራሷን ከራሷ ታወጣለች።
ሦስተኛ ቆዳዋን ስትጥል ገለባ መሰለች፤ አምስተኛው ላይ ለጋ አረንጓዴ፤
ያኒክ ዘለለ፦ «እንደ ትራፊክ መብራት! አየሽ እንዴ!»

እኔም እጄ አላስቀመጠኝ፤ የሱቁን የቀለም ካርድ አምጥቼ ከመስታወቱ አስጠጋሁ፤
ስድስት ሺህ ሃያ አንድ ብዬ ከሳጥኗ ክዳን ላይ ጻፍሁ፤ ጻፍሁና ረጋሁ።
ግን ሌሊት መብራት ሳበራ ዓይኖቿ ጥቁር ናቸው፤ ጠዋት ደግሞ ሣር፤
የኔ ማሽን ይህን አያውቅ፣ ሌትና ቀንን ባንድ ባልዲ ማሳደር።

ኅዳር መጣ። የማሞቂያው ብረት ተከፈተ፣ አየሩ ደረቀ፤
ያኒክ ለሳምንት ከአባቱ ዘንድ ድሬስደን ሄደ፤ አደራውም እኔ ላይ ወደቀ።
ውሃ መርጨት ሁለት ቀን ረሳሁ። (ሦስት ነው፤ እዚህ ላይ ልዋሽ አልፈልግም።)
ከዚያ ዝንቡን እንቢ አለች፤ ተንጠለጠለች፤ እኔም መቀመጥ አልቻልሁም።

የመጨረሻው ቆዳ ነበር። ክንፍ ይዛ ወጣች፣ የተጨማደደ፣ እርጥብ፤
እንደ ታጠበ መሐረብ ቀስ በቀስ ተዘረጋ፣ እኔ ትንፋሼን ስሰበስብ።
ሲደርቅ፣ ቡናማ። የረገፈ ቅጠል፣ ያረጀ የበር እጀታ፤
ከአረንጓዴው አንዲት ጠብታ የለም፣ በአንድ ማታ።

ያኒክ ተመለሰ። አየ። ዝም አለ። ከዚያ «ይህቺ ሎተ አይደለችም» አለኝ።
«ሞታብሽ ሌላ ገዛሽ።» ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ እንደ ዳኛ አየኝ።
በእኛ ዘንድ «እስስት» የሚል ስድብ አለ፣ ቃሉን ለሚያጥፍ ሰው፤
የልጁ ዓይን ያንኑ ብሎኛል፤ ቃሉ ብቻ ነው ያነሰው።

መሐላ አላዋጣም። ከመሳቢያ የክብሪት ሳጥን አወጣሁ፤
የጣለችውን ቆዳ ሁሉ፣ ከትንሹ እስከ ትልቁ፣ ጠረጴዛው ላይ አሰጣሁ።
ስምንት ናቸው። እግር፣ እሾህ፣ የዓይን ሽፋን፣ ሁሉ ሙሉ፤ ደግሞ ሁሉም አንድ፤
እርጥብ የሽንኩርት ልጣጭ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ገላ፣ ባዶ ክንድ።
የጥቁሯ ጥቁር የለበትም። የአረንጓዴዋም አረንጓዴ።
ይዛው ሄዳለች።

ያኒክ ትልቁን አነሣ፤ መስኮቱ ላይ አስጠጋው፤ በውስጡ ትራሙን አየ።
ብዙ ቆየ።
«ታዲያ አረንጓዴው የት ገባ?» አለኝ። እኔ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ቀለም ስበጠብጥ የኖርሁ ሴት፣
አላውቅም አልሁት። ሦስቱንም ቀን ነገርሁት።

አልተቆጣም። ወይም ተቆጥቶ፣ ፊቱን ሳያሳየኝ፣ ወደ ሳጥኗ ጠጋ፤
ረጨላት። ጠብታው ክንዷ ላይ ረጋ።
አንገቷን አዙራ ጠጣችው።

ከክዳኑ ላይ ቁጥሬን በአልኮል አጠፋሁ፤ እስክሪብቶውን ሰጠሁት።
የመጨረሻው ቆዳ እንደነበር ከእኔ በላይ ያውቃል።
«ቡናማ» ብሎ ጻፈ፤ አሰበ፤
አጠገቡ፣ አነስ አድርጎ፣ «እስካሁን» ጨመረ።